በሙሽርነት ልብሴ የጠቀጠቅሁት አፈር

ይህን ገጠመኝ ባወራሁ ቁጥር ባለቤቴ ዘምዘም «ከመሃል አትጀምር፣ ሰው ግራ ይገባዋል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከመንገር ልጀምር።

ስሜ እንድሪስ ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ቤታችን ቀወት ቆላ ውስጥ፣ ከሮቢ ወንዝ ወዲህ ማዶ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ አጎቴ ሙሄ ነው። ማሽላ እናርሳለን፣ አንዲት ግመል ነበረችን፣ በቃ ኑሯችን ይኸው ነው። እኔ ሥራ አልፈራም፤ ሰው ፊት መናገር ግን ሞቴ ነበር። ሰው «ና» ሲለኝ እመጣለሁ፣ «ቁም» ሲለኝ እቆማለሁ። የቸገረኝን ነገር ለማንም አልናገርም። አጎቴ ሙሄ እየሳቀ «ይህ ልጅ እባብ ቢነድፈው እንኳ እባቡን ላለማስቀየም ዝም ይላል» ይል ነበር።

ጣሊያኖቹ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ የአገሩን ጎረምሳ ሁሉ ወደ ሥራው አስገቡት። ወድዶ የገባ አለ፣ ተገዶ የገባ አለ። እኔ ተገድጄ ነው የገባሁት፤ ኋላ ግን የሠርጌን ወጪ ስለሸፈነልኝ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። የደረሰኝ ሥራ በሮቢ ወንዝ ላይ ከሚሠራው ድልድይ ዘንድ ነበር። በሌላው ቦታ አፈሩን የሚደፈጥጠው ሩሎ የሚባለው ከባድ መኪና ነው። ከድልድዩ ግንብ ጀርባ ያለውን ሙሌት ግን ሩሎው እንዳይነካው ተከልክሏል፣ ግንቡን ይገፋዋል ይባላል። ስለዚህ እዚያ ያለው ሥራ ሁሉ በሰው ክንድ ነው። ገረጋንቲውን በባሬላ እናመጣለን፣ በአካፋ እንበትናለን፣ ስንዝር በማይሞላ ውፍረት እንደለድላለን፣ ውሃ እንረጫለን፣ ከዚያ እንጠቀጥቃለን። መጠቅጠቂያው ከግራር ግንድ የተቆረጠ ጉማጅ ሲሆን ግራና ቀኝ እጀታ አለው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ላይ ያነሳውና ይለቀዋል። ያ ንብርብር ሲጠብቅ ሌላ ይበተንበታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሙሌቱ ከግንቡ እኩል ይሆናል።

ከእኔ ፊት ለፊት ቆሞ መጠቅጠቂያውን የሚይዘው ጋሽ ወልዴ የሚባል የደጋ ሰው ነበር። ክርስቲያን ነው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ድምፁ ደግሞ ወንዝ ተሻግሮ ይሰማል። መጠቅጠቂያ ያለ ዜማ አይነሳምና ዜማውን የሚያወጣልን እሱ ነበር። ከጣሊያኖቹ ጋር ከሁላችንም ቀድሞ ስለሠራ ቋንቋቸውንም ይሞካክራል።

አለቃችን፣ እኛ ካቦ የምንለው፣ ቀጭን፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ጣሊያን ነበር። ስሙን ማንም አያውቀውም። ጠዋት ሲመጣ «ሱቢቶ!»፣ ማታ ሲሄድ «ሱቢቶ!» ይላል። በእነሱ ቋንቋ «አሁኑኑ» ማለት ነው። እኛም ሱቢቶ አልነው። ክፉ ሰው ነበር ማለት አልችልም፣ ደግ ነበር ማለትም አልችልም። ሁልጊዜ የቸኮለ ሰው ነበር።

ዘምዘም የጋሽ ይመር ልጅ ናት። ጋሽ ይመር ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ ግመል እየነዳ እስከ አፋር የሚወርድ ነጋዴ ነበር። ኩሩ ነው፣ ቁጣው ቅርብ ነው። ልጁን የፈለጋት ብዙ ነበር፤ አጎቴ ሙሄ ሽማግሌ ልኮ፣ ተመላልሶ፣ ተለማምጦ ነው የተፈቀደልኝ። እሷን አይቻት አላውቅም ነበር። የቀኑ ቀጠሮ ሲቆረጥ ጋሽ ይመር ያለው ቃል አንድ ነው፤ «ልጄ ደጅ ደጅ እያየች አትውልም። ሙሽራው የአስር ሶላት ሳይደርስ ቤቴ ካልገባ ኒካሁ ቀርቷል በሉት።»

ሱቢቶም ለሠርጌ ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር። ጋሽ ወልዴ ሲተረጉምልኝ ሱቢቶ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ፌስታ! ፌስታ!» አለኝ። በዓል ማለቱ ነው።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ገና ፀሐይ ሳትጠነክር ታጥቤ፣ ጸጉሬን ቅቤ ተቀብቼ፣ ነጭ እጀ ጠባብ ለብሼ፣ ነጭ ኩታ ደርቤ፣ ዓይኔን ተኩዬ በተዋስናት በቅሎ ላይ ወጣሁ። ሚዜዎቼ ከፊትም ከኋላም ናቸው። አንደኛው ሚዜዬ አሊ ድቤውን እየደለቀ ነው። አጎቴ ሙሄ ግመሏን ይስባል፤ ግመሏ ለሙሽራዋ የሚሆነውን ልብስ፣ ማርና ቅቤ ተጭናለች። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበርና በቅሎዋ ላይ ሆኜም አንገቴን እንደደፋሁ ነበር።

ወደ ጋሽ ይመር ቤት የሚወስደው መንገድ በድልድዩ አጠገብ ያልፋል። ገና ሳንደርስ የአካፋና የጩኸት ድምፅ ሰማን። ጠጋ ስንል ያየሁትን ማመን አቃተኝ። በዋዜማው ማታ ከወዲያ ከደጋው ያለ ጊዜው ዝናብ ወርዶ ኖሮ፣ ሮቢ ሞልቶ መጥቶ ከግንቡ ጀርባ ያለውን ሙሌት ጠርጎ ወስዶታል። ለቀናት የጠቀጠቅነው አፈር ቦታው ትልቅ ጉድጓድ ሆኗል። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይራወጣሉ። ሱቢቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጠመንጃ የያዙ ዘበኞች ዳር ዳሩን ቆመዋል።

ሱቢቶ ቀና ሲል አየኝ።

«ኢድሪሶ!» አለ። እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «ቬኒ! ሱቢቶ!» ና ማለቱ ነው።

እኔም፣ ያ «እሺ» ባይ ልማዴ ይሁን ሌላ፣ ከበቅሎዬ ወረድኩ። አጎቴ ሙሄ «ኧረ ምን ሆነሃል፣ ውጣ!» ቢለኝም ወርጄ ነበር።

ሱቢቶ ሰማዩን እያሳየ፣ ጉድጓዱን እያሳየ፣ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። ጋሽ ወልዴ ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ ወደ እኔ መጣ።

«እንድሪስ ወንድሜ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» አለኝ። «ነገ ከደሴ አንድ ትልቅ ሹም መኪናዎቹን አስከትሎ በዚህ ያልፋል አሉ። ይህ ሙሌት ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰ ለሱቢቶም ጦስ ነው፣ ለእኛም ጅራፍ ነው። ፈቃድ የሚባል ሁሉ ተሰርዟል ይላል።»

«ዛሬ እኮ ሠርጌ ነው» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

«ነግሬዋለሁ። 'ፌስታ ነገ' ይላል።»

ከሚዜዎቼ አንዱ ቱግ ብሎ ወደ ፊት ሲራመድ ዘበኛው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ በፊት ከሥራ የጠፋ ሰው ተይዞ ሲመጣ በጅራፍ ምን እንደተደረገ ሁላችንም አይተናል። ትንሽ ቆይቶ በሚዜዎቼ እጅ አካፋ ገባ። አሊ ድቤውን ከድንጋይ ላይ አስቀምጦ ባሬላ ያዘ። ግመሏንም አልተዋትም፤ የሙሽራዋን ዕቃ አራገፉና ከወንዙ ውሃ እንድታመላልስ በርሜል ጫኑባት። ግመሏ ግን እንደ እኔ አይደለችም። ሱቢቶ ራሱ ቀርቦ ሊያስነሳት ሲሞክር ጮኻ ተወራጭታ በርሜሉን ከነውሃው ከላይ እስከ ታች ደፋችበት። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ዘበኞቹ እንኳ ሳይቀሩ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ።

አጎቴ ሙሄን ሽማግሌ ነው ብለው ለቀቁት።

«ጋሽ ይመርን ምን ልበለው?» አለኝ ጭንቅ ብሎት።

«እንጃ» አልኩ።

«ሙሽራው አፈር እየጠቀጠቀ ነው ልበለው? በዱላ ነው የሚቀበለኝ!»

«እንጃ አጎቴ። ያየኸውን ንገረው።»

እሱ ዱላውን ተመርኩዞ በእግሩ ወንዙን ተሻገረ። እኔ ኩታዬን ግራር ላይ ሰቅዬ እጀታውን ጨበጥኩ። ጋሽ ወልዴ ፊት ለፊቴ ቆሞ አየኝ፣ ከተኳለው ዓይኔ እስከ ነጩ ልብሴ። ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ግን አልቻለምና በዜማው አወጣው፤

«ኩሉን ተኳለና ሙሽራው ሊያገባ፣
ሱቢቶ ቢድረው ከአፈር ጋር ተጋባ።»

ሠራተኛው ሁሉ «ሆይ!» ብሎ ተቀበለው፣ መጠቅጠቂያዎቹም እኩል ወረዱ። ተናድጄ ነበር። ግን እኮ ዜማው ያስቃል፤ ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። ሲስቁ መሥራት ይቀላል።

መጠቅጠቅ የሚመስለው የጉልበት ሥራ ነው። ለነገሩ ጉልበትም ነው፣ ግን አፈሩን ማዳመጥ ይጠይቃል። ልል አፈር ስትመታው ድምፁ የታፈነ ነው፣ «ዱፍ» ይላል። እየጠበቀ ሲሄድ ድምፁ ይጠራል፤ መጨረሻ ላይ ጉማጁ ድንጋይ ላይ እንዳረፈ ነጥሮ ወደ እጅህ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሌላ ንብርብር ይበተንበታል። ውሃ ሲያንስ አቧራ ይሆናል፣ ሲበዛ ጭቃ ሆኖ ከሥር ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ሥራ ቶሎ ቶሎ በማለት አታታልለውም። ሱቢቶም በዚህ በዚህ አይታለልም ነበር። ቀጭን የብረት ዘንግ ይዞ ይመጣና በሙሉ ክብደቱ ይወጋዋል። ዘንጉ ከገባ «ዳካፖ!» ይላል፤ እንደገና ማለቱ ነው።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደረሰች። ሙሌቱ ገና ግማሹ አልሞላም። የዙሁርን ሶላት እዚያው ተራ በተራ ሰገድን፤ የክርስቲያን ጓደኞቻችን በእኛ ቦታ እየገቡ ጠቀጠቁልን። ሰግጄ ስነሳ ወደ ማዶ አየሁ። የሚመጣ ሰው የለም። በልቤ ጋሽ ይመር አጎቴን አባሮታል፣ ዘምዘምንም ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው አልኩ። ለጋሽ ወልዴ እንኳ አልነገርኩትም። እሱ ግን ፊቴን አይቶ «አይዞህ» አለኝ።

«አልቋል ጋሽ ወልዴ» አልኩት። «የአስር ሶላት ሊደርስ ነው።»

«አፍህን ከፍተህ ለሱቢቶ አንድ ነገር ብትለው ምን ነበረበት? እኔ እኮ የማወራው የሰው ነገር ነው። ባለቤቱ ሲናገር ሌላ ነው።»

እጀታውን ደግሜ ጨበጥኩ። ምን ብዬ ልናገር?

ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር ከወንዙ ማዶ አቧራ ተነሳ። መጀመሪያ ከብት መሰለኝ። ቀጥሎ ሰዎች ታዩኝ፤ ብዙ ሰዎች። ከፊት ዱላ የያዙ ወንዶች፣ ከኋላ ነጠላ የለበሱ ሴቶች። ከሁሉ ፊት ጋሽ ይመር በረጅም እርምጃ ይመጣል። አጎቴ ሙሄ ሊቀድመው እየሞከረ ከጎኑ ይሮጣል።

መጠቅጠቂያው በእጃችን ላይ እንዳለ ቀረ። ዜማውም ቆመ።

ጋሽ ይመር ወንዙን ተሻግሮ ከሙሌቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ዘበኛው ጠመንጃውን ደቀነበት። ጋሽ ይመር ጠመንጃውን እንደ እንጨት ቆጥሮ ወደ ጉድጓዱ ጮኸ።

«የት አለ ይህ ሙሽራ ተብዬ? የጨዋ ልጅ አስለብሶ አስቀምጦ የሚቀልድብን የት አለ?»

ዱላ የያዙት ወንዶች ከኋላው ተጠጉ። ሁለተኛው ዘበኛም ጠመንጃውን አነሳ። ሱቢቶ ፊቱ ነጣ። አንድ ሰው አንድ ድንጋይ ቢወረውር በዚያ ቦታ ደም እንደሚፈስ ሁላችንም ገባን።

ያን ጊዜ እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ተንቀሳቀሰ። ከጉድጓዱ ወጥቼ በጠመንጃውና በጋሽ ይመር መሃል ቆምኩ። አንደበቴ ይተሳሰር ነበር፣ ግን ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። አልቀለድኩም። ጠዋት ከቤት የወጣሁት ወደ እርስዎ ነው፤ የያዙኝ ከዚህ ነው። ልምታህ ካሉ ይምቱኝ፣ እነዚህ ሰዎች ግን ይተኩሳሉ። ሠርግ ላይ የመጣ ሰው ሬሳ ይዞ አይመለስ።»

በሕይወቴ እንዲያ ያለ ረጅም ነገር በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ጋሽ ይመር አፈጠጠብኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ነጩ ልብሴ ቀይ ሆኗል። ቅቤው ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ጸጉሬ ላይ ደርቋል።

«ዓይንህን ምን ነካው?» አለኝ በመጨረሻ።

እጄን ወደ ፊቴ ሰደድኩ። ለካ ኩሉ በላብ ወርዶ እስከ አገጬ ደርሷል። ከሴቶቹ መሃል አንዷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ሳቁ ወደ ወንዶቹ አለፈ። ጋሽ ይመር ላለመሳቅ ጢሙን እየጎተተ ታገለ፣ ግን ትከሻው አስታወቀበት። ዘበኞቹም ምኑም ሳይገባቸው ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ከሴቶቹ መሃል ተሸፍና በበቅሎ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች። ሙሽራ መሆኗን ያወቅሁት አክስቷ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ ወደ ፊት ስትመጣ ነው።

«ይመር፣ ልጅህ የምትለው አለ» አለች አክስቷ። ጆሮዋን ወደ ልጅቱ አስጠግታ ሰምታ ጮክ ብላ ተናገረች። «'እሱ መምጣት ካልቻለ እኔ መጥቻለሁ። ሸሁም አብረውን አሉ። ሥራው እንዲያልቅ ምን ቀረ?' ትላለች።»

ኋላ እንደሰማሁት አጎቴ ሙሄ መልእክቱን ሲያደርስ ጋሽ ይመር ሠርጉ ይበተን ብሎ ነበር። ዘምዘም ናት «ሰውየው ከተያዘ ምን ያድርግ? ሄደን እንየው» ያለችው። ሴቶቹ ከእሷ ጎን ቆሙ፤ እሱም መጨረሻ ላይ «እሺ፣ ሄጄ በዓይኔ ላየው» ብሎ ተነሳ።

«ምን ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ዞሬ ጉድጓዱን አየሁ፣ ፀሐይዋን አየሁ፣ ያን ሁሉ ሰው አየሁ። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ሱቢቶ ሄድኩ። ከእነሱ ቋንቋ የማውቃት ጥቂት ቃል ናት፤ ያለኝን ሁሉ አወጣሁት።

«ሲኞሬ! ቱቲ…» እጄን በሕዝቡ ላይ ዘረጋሁ፤ ሁሉም ማለቴ ነው። «ቱቲ ላቮሮ። ሱቢቶ ፊኒቶ!» ሁሉም ይሠራል፣ አሁኑኑ እንጨርሰዋለን ማለቴ ነው። «ከዚያ ፌስታ። ነገ አይደለም። ዛሬ ፌስታ!»

ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ሆኖ የቀረውን አሟላልኝ። ሱቢቶ ሰዎቹን አየ። እኔን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የእኔን እጅ ጨበጠ። «ቤኔ፣ ኢድሪሶ» አለ። «ኦጂ ፌስታ።» እሺ፣ ዛሬ በዓል ነው ማለቱ ነው።

ለጋሽ ይመር ግን መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ሥራው ለፈረንጁ ነው፤ አውቃለሁ» አልኩት። «እርዳታውን የምለምነው ግን እኔ ነኝ። ለእኔ ብለው ይርዱኝ።»

ጋሽ ይመር ዱላውን መሬት ላይ ወረወረና ወደ ሰዎቹ ዞረ። «ምን ቆማችኋል? ልጁ ለመነ እኮ!» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ። ወንዶቹ ባሬላና አካፋ ተሻሙ። ገረጋንቲው እንደ ጎርፍ ይመጣ ጀመር። እኔ ውፍረቱን እያየሁ «እዚህ አሳሱት፣ እዚያ ጨምሩ» እያልኩ አዛለሁ፤ ጋሽ ወልዴ ውሃውን ይመጥናል። መጠቅጠቂያ ለሁሉ አልደረሰም። አሊ ድቤውን ከድንጋዩ ላይ አነሳና መምታት ጀመረ። ሴቶቹ ጫማ ያላቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ በድቤው ምት እኩል እየረገጡ፣ ከግንቡ እስከ ዳር፣ ከዳር እስከ ግንቡ ተመላለሱበት። እነሱ የረገጡትን እኛ ከኋላ በመጠቅጠቂያ እናጠብቀዋለን።

«እርገጪው እርገጪው፣ አፈሩ ይጥበቅ፣
ሙሽራው ይለቀቅ፣ ሙሽሪት ትሳቅ።»

ይህን ያወጣችው አክስቷ ናት። ጋሽ ወልዴ በዚያ በወንዝ ተሻጋሪ ድምፁ ተቀበላት። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሠራተኛውም ሠርገኛውም አንድ ላይ ጮኸ። እውነቴን ነው፣ ሱቢቶ እንኳ በዘንጉ ግንቡን እየመታ ምቱን ይጠብቅ ነበር።

በዚያ መሃል ከሴቶቹ ረድፍ ውስጥ አንድ ጥንድ እግር አየሁ። በሒና የቀላ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ የገባ። ቀና ስል ፊቷ ተሸፍኗል። ከበቅሎዋ ወርዳ እየረገጠች ነው። እንዲህ ነው ዘምዘምን መጀመሪያ ያየኋት፤ በእግሯ። ጋሽ ወልዴ «ጉማጁን እግሬ ላይ ልትጥለው ነው፣ ወዲህ እይ!» ብሎ ጮኸብኝ።

ሙሌቱ ከግንቡ እኩል ሲሆን ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። ሁላችንም ወደ ዳር ወጣን። ሱቢቶ ዘንጉን ይዞ ገባ። መሃሉን ወጋ፤ ዘንጉ ነጠረ። ዳሩን ወጋ፤ ነጠረ። እልል ሊባል ሲል ከግንቡ ማዕዘን ጠጋ ብሎ ወጋ። ዘንጉ ሰተት ብሎ ገባ።

«ዳካፖ» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ጊዜ አልጮኸም፤ እሱም ያዘነ መሰለኝ።

ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ማዕዘኑ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ መጠቅጠቂያ በላይ አያስገባም። ልሉን አፈር አውጥተን እንደገና በትነን ውሃ ረጨንበት። ጋሽ ወልዴ ግን ከማለዳ ጀምሮ እረፍት አላየም። ጉማጁን ግማሽ መንገድ አንስቶ ለቀቀው። «አልቻልኩም እንድሪስ» አለ።

አንድ ሰው ከኋላው መጥቶ እጀታውን ተቀበለው። ጋሽ ይመር ነበር። ጥምጥሙን ፈትቶ ወገቡን ታጥቆበታል።

«በል አንሳ» አለኝ።

አማቴ ሊሆን ካለው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን ገጥሜ አነሳሁ፣ ለቀቅሁ። መጀመሪያ አልተጣጣምንም፤ እሱ ይቸኩላል። «ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ይተንፍሱ» አልኩት። እሺ አለኝ! ጋሽ ይመር እኔን እሺ አለኝ። ድምፁ ታፍኖ ቆየ፣ ከዚያ እየጠራ መጣ፣ በመጨረሻ ጉማጁ ነጥሮ ወደ እጃችን ተመለሰ። ሱቢቶ ወጋው። አልገባም። ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ።

እልልታው ወንዙን ተሻግሮ የገደል ማሚቶ መለሰው።

ሸሁ በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ነበሩ። «ቀጠሮው እስከ አስር ሶላት በቤትህ ነበር» አሉ ወደ ጋሽ ይመር እያዩ፤ «ሙሽራው ትንሽ አርፍዷል፣ ቤቱም ራሱ ወደ እሱ መጥቷል። ምን ትላለህ?»

«ኒካሁን ይሰሩት» አለ ጋሽ ይመር። «ማን ሊጠብቅ ነው?»

የመግሪብ ሶላት ሳይገባ እዚያው በጠቀጠቅነው አፈር ላይ ኩታዬን አነጠፉ። ሙሽራዋ ተጠየቀች፣ ፈቀደች። መህሩ፣ ማለት ለሙሽራዋ የሚሰጠው ጥሎሽ፣ ተጠራ። ሚዜዎቼ ምስክር ሆነው ተቀመጡ። የጋሽ ይመርን እጅ ስጨብጥ የሁለታችንም መዳፍ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር እኩል «እህህ» አልን፤ ሸሁ ሳቃቸውን ውጠው ዱዓቸውን ቀጠሉ። ሱቢቶ ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ ከዳር ቆሞ ነበር።

ከትልቁ ሹም በፊት ማንም በዚያ ሙሌት ላይ እንዳያልፍ ተብሎ ነበር። ዘምዘም በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ዘበኛው ወደ ሱቢቶ አየ። ሱቢቶ እጁን አወዛወዘ፤ ይለፉ። በዚያ ድልድይ ላይ መጀመሪያ የተሻገረችው የእኔ ሙሽራ ናት።

ሠርጉ ደመቀ። ሠራተኞቹ ሁሉ መጡ፤ ጋሽ ይመር ለክርስቲያኖቹ ለብቻ በግ ሰጥቶ ጋሽ ወልዴ ራሱ ባርኮ አረደው። ከዘምዘም ጋር ብቻችንን ስንሆን ምን ልበላት እያልኩ ስጨነቅ እሷ ቀደመችኝ። «እግሬን አሞኛል» አለችና ሳቀች። እኔም «እጄን አሞኛል» አልኳት። ወሬያችን በዚህ ተጀመረ፣ እስካሁንም አላለቀም።

በማግስቱ የተባለው ሹም አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። በሌላ መንገድ ሄደ አሉ። ሱቢቶ ይህን ሲሰማ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ሳቀ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ጎረምሳ ሳለሁ ችግርን ደብቆ መያዝ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ሰው ብለምን የምዋረድ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን አፌን ከፍቼ «እርዱኝ» ስል የተዋረደ ሰው አላየሁም። እንዲያውም ጋሽ ይመር ዱላውን የጣለው ስለለመንኩት ነው፤ ኋላም ራሱ እንዲህ ብሎኛል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሥራው ቦታ ሰው ሲበደል የሚናገረው እኔ ሆንኩ። ለእኛ የጁምዓ ሶላት ሰዓት፣ ለእነ ጋሽ ወልዴ የበዓል ቀናቸው እንዲከበር ሱቢቶን ጠይቄው ፈቀደ። አንዳንዴም ጠይቄው ከለከለኝ፤ ቢከለክለኝም አልሞትኩም። ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላም በመንደራችን ሽማግሌ ሲያስፈልግ፣ የሰፈር ጉዳይ ለባለ ሥልጣን ሲቀርብ፣ «እንድሪስ ይናገርልን» ይሉኝ ጀመር። ያ «እሺ» እንጂ ሌላ የማያውቀው ልጅ!

መንገዱን ያሠራው ሰው አገራችንን በጉልበት የያዘ ነበርና በእሱ ደስ ይለኛል አልልም። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ብዙ ነገር አጥቷል። እኔ ግን በዚያ ክፉ ዘመን መሃል አንድ ደግ ቀን ደርሶኛል፤ ያንን ደብቄ ማለፍ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። እናንተም የከበዳችሁ ነገር ካለ፣ ሰው በአጠገባችሁ ቆሞ እያየ ዝም ብላችሁ ብቻችሁን አትታገሉ። ጥሩት። ቢቆጣም ይቆጣ፤ ተቆጥቶ የመጣ ሰው እጀታ ሲይዝ አይቻለሁ።